ወረቀቱን ከመሄዳችሁ በፊት፣ ብድሩን ከተደላደላችሁ በኋላ

(የመግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

 

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ከዚህ ከሞላሌና ከመንዝ ደጋ ልጁ ወይም ወንድሙ ወጥቶ ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። አንዱ በሥራ ዝውውር፣ አንዱ በትዳር፣ አንዱ ለንግድ፣ ሌላው ለልጆቹ ትምህርት ብሎ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። በሄደበት አገር መጀመሪያ የሚያስጨንቀው የቤት ኪራይ ነው። ኪራዩ በጨመረ ቁጥር «ለሰው ቤት ከምከፍል ለባንክ ከፍዬ የራሴ ባደርገውስ?» ይላል። እንዲያውም አንዳንዱ ገና ሞላሌ እያለ፣ ዕቃውን ሳይጭን፣ በሚሄድበት ከተማ ቤት በብድር ለመግዛት ይነሣል።

ታዲያ የቤት ብድር የሚያዘው ከመሄድ በፊት ነው ወይስ ደርሶ? መልሳችንን ከመነሻው እንንገራችሁ። ወረቀታችሁን ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ጨርሱ፤ ወደ ዕዳው ግን ገቢያችሁ እዚያ ሲረጋ ግቡ። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ ሰው ብድሩን ወይ አያገኘውም፣ ወይ ደግሞ ካገኘው በኋላ ይቸገርበታል። ለምን እንዲህ እንደምንል አንድ በአንድ እናያለን። ብዕርና ወረቀት ያላችሁ ያዙ፤ የምትጽፏቸው ቁጥሮች አሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ባንክ ለቤት የሚያበድረው ሁለት ነገር አይቶ ነው። አንደኛው ገቢ ነው፤ በየወሩ ከየት አምጥተህ ትከፍላለህ ይላል። ሁለተኛው መያዣ ነው፤ መክፈል ቢያቅትህ በምን እተካዋለሁ ይላል። ዝውውር ሁለቱንም ያናውጣል። የሞላሌው ደመወዝ ሊቆም ነው፣ የአዲሱ አገር ደመወዝ ገና አልተጀመረም። መያዣ የሚሆነው ቤት ሞላሌ ነው፣ የሚገዛው ቤት ደግሞ ሌላ ክልል።

ይህ እንዴት እንደሚያጋጥም ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወደ አዳማ ለመዛወር ያመለከተ አንድ መምህር አለ እንበል። ባለቤቱ የልጆቹ የትምህርት ዘመን እስኪያልቅ እዚሁ ትቆያለች። ሁለቱ ተመካክረው፣ መምህሩ ለሌላ ጉዳይ አዳማ በሄደበት አጋጣሚ ወደ አንድ ባንክ ጎራ ብሎ የብድር ባለሙያዋን ያነጋግራል።

ባለሙያዋ፦ እንኳን ደህና መጡ፣ መምህር። ይቀመጡ። ያመጡትን ማስረጃ እስቲ ልየው።

መምህሩ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እኅቴ። ይኸውልሽ፤ የደመወዝ ማስረጃዬ ነው። ማኅተምም አለው።

ባለሙያዋ፦ ይህ የጻፈልዎት እዚያው የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው። አዳማ የሚቀበልዎትስ?

መምህሩ፦ ዝውውሩ ተፈቅዷል ብለውኛል። ደብዳቤው ግን ገና አልወጣም።

ባለሙያዋ፦ ታዲያ መምህር፣ ይህ ብድር ከየትኛው ደመወዝ ይቆረጥ?

መምህሩ መልስ አልነበረውም። ባለሙያዋም አላስቀየመችውም፤ ማመልከቻውን ለጊዜው መልሳ ሰጠችውና ምን ምን ይዞ እንዲመጣ ጻፈችለት። የዝውውር ደብዳቤ፣ የአዲሱ መሥሪያ ቤት የምደባ ወይም የቅጥር ደብዳቤ፣ ደመወዙ በአዲሱ ቦታ በባንክ መግባት እንደጀመረ የሚያሳይ የሒሳብ መግለጫ፣ የነዋሪነትና የጋብቻ ማስረጃ። ዝርዝሩ ከባንክ ባንክ ይለያያል እንጂ መንፈሱ አንድ ነው፤ በቃል ያለ ተስፋ አይቆጠርም፣ በወረቀት ያለ ገቢ ይቆጠራል።

በሠለጠነው ዓለምም ቢሆን ጉዳዩ ይኸው ነው። በአሜሪካ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሚዛወሩ ወገኖቻችን ቤት ከመምረጣቸው በፊት አበዳሪው ምን ያህል ሊያበድራቸው እንደሚችል በደብዳቤ እንዲገልጽላቸው ያደርጋሉ። አበዳሪው ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው አዲሱ ቀጣሪ ደመወዛቸውን ጠቅሶ የጻፈውን የቅጥር ደብዳቤ ነው። እዚያ ብድሩ እስከ 30 ዓመት በማይለወጥ ወለድ ስለሚገኝና የእያንዳንዱ ሰው የብድር ታሪክ በነጥብ ስለሚመዘን ነገሩ ይፈጥናል። በእኛም አገር ባንኮች የተበዳሪን ታሪክ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል በኩል ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ያልተከፈለ ዕዳ ሐዋሳ ላይ አይታይም ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ይታያል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ለሥራ ባልደረባችን በደመወዛችን ዋስ ሆነናል። ዝውውር ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ክሊራንስ ከመስጠቱ በፊት ይህን ይጠይቃል። ዋስ የሆናችሁለት ሰው ብድሩን ካልጨረሰ፣ ምትክ ዋስ እንዲያቀርብ ገና ከአሁኑ ንገሩት። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሲሆን ሁለታችሁንም ያጨቃጭቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። ብዕራችሁን አንሡ።

አንድ ሰው 1,000,000 ብር በ20 ዓመት ለመመለስ ተበደረ እንበል። ወለዱ ለምሳሌ ያህል በዓመት 16 በመቶ ይሁን። ባንኮች የሚያስከፍሉት ወለድ ይለያያል፤ ለባንኩ ሠራተኛ፣ ለደንበኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኛና ለሌላው ሰው በተለያየ ሒሳብ የሚሰጡም አሉ። እኛ ይህን ቁጥር የያዝነው አሠራሩን ለማሳየት ነው።

በዚህ ሒሳብ የወር ክፍያው ወደ 13,900 ብር ይሆናል። አሁን ልብ በሉ። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 13,300 ያህሉ ወለድ ነው። ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው ከ600 ብር ያነሰ ገንዘብ ነው። 20 ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ የከፈለ ሰው በድምሩ ከ3,300,000 ብር በላይ ይከፍላል። የተበደረው አንድ ሚሊዮን፣ የመለሰው ሦስት ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሺህ ማለት ነው።

ያንኑ አንድ ሚሊዮን በ10 ዓመት ልመልስ ቢል የወር ክፍያው ወደ 16,750 ብር ከፍ ይላል፤ ጠቅላላ ክፍያው ግን ወደ 2,010,000 ብር ይወርዳል። በወር ወደ 2,850 ብር በመጨመሩ፣ በመጨረሻው ከ1,300,000 ብር በላይ ተረፈለት። ስለዚህ «ረጅም ዓመት ስጡኝ፣ ወርኃዊው ይቅለልልኝ» ከማለታችሁ በፊት ባለሙያውን ሁለቱንም አሠርታችሁ እዩ። ረጅሙን ብትወስዱ እንኳ ገንዘብ ባገኛችሁ ጊዜ ከዕለቱ ቀድማችሁ ዋናውን መክፈል ትችሉ እንደሆነ፣ ለዚህ ቅጣት ይኖር እንደሆነ ውሉ ላይ አንብቡ።

ምን ያህል መበደር እንችላለን ለሚለው አንድ ጥሩ መለኪያ አለ፤ ሲሶ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሕጉ ለደመወዝ ቆረጣ ያወጣው ነው፤ ለቤት ዕዳም ልክ አድርጋችሁ ብትይዙት አትጎዱም። 13,900 ብር የገቢው ሲሶ የሚሆንለት ቤተሰብ በወር ወደ 42,000 ብር የሚያገኝ ነው። በአንድ መምህር ወይም በአንድ ጤና ባለሙያ ደመወዝ ይህ አይሞላም። ግማሽ ሚሊዮን ብቻ ቢበደር ክፍያው ወደ 7,000 ብር፣ የሚያስፈልገው ገቢ ወደ 21,000 ብር ይወርዳል።

ይህን የምንነግራችሁ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። መፍትሔው ብዙ መቆጠብና ትንሽ መበደር መሆኑን እንድታዩ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ደመወዝተኞች ከሆኑ የሁለቱን ገቢ ደምሮ የሚያይ ባንክ ፈልጉ። ከዝውውሩ በኋላ ደግሞ ቢያንስ የተወሰኑ ወራት ተከራይታችሁ ኑሩ። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርቱ፣ አስቤዛው ምን ያህል እንደሚፈጅ በገዛ ደብተራችሁ ጻፉት። ከዚያ የሚተርፈው ነው ለባንክ የሚከፈለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ አባቶቻችን፤ በ20 ዓመት ዕዳ ላይ የፈሰሰ ግን ተለቅሞ አያልቅም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ መያዣው እንምጣ። ብዙውን ጊዜ መያዣ የሚሆነው የሚገዛው ቤት ራሱ ነው። ቅድሚያ ክፍያው ሲጎድል ግን ሰው ሞላሌ ያለውን ቤቱን ለማስያዝ ያስባል። እዚህ ላይ ነው ወረቀቱን ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱ የምንለው።

በቀድሞው ዘመን በመንዝ የርስት መብት የሚቆጠረው በትውልድ ሐረግ ነበር። ሰው መሬቱን መጀመሪያ ያቀናውን አባት፣ አቅኚ አባቱን፣ ቆጥሮ በእናቱም በአባቱም በኩል ርስት ይጠይቅ ነበር። አገር ለቆ የኖረ ሰውም ቢሆን ተመልሶ ሐረጉን ቆጥሮ ይሟገት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን የሕዝብ ሲያደርግ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ የከተማውን መሬት የመንግሥት አደረገ። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የእናንተ የሆነው በቦታው ላይ ያለው ቤትና ቦታውን የመጠቀም መብት ነው። የሄደ ሰው መብት ዛሬ የሚጠበቅለት በመዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ ያልተስተካከለ ነገር አዳማ ወይም ሐዋሳ ተቀምጦ ማስተካከል እጅግ አድካሚ ነው።

የቤታችሁን የይዞታ ማረጋገጫ፣ ካርታ የምንለውን፣ ዛሬ ማታ ከሣጥን አውጡትና ከመታወቂያችሁ ጎን አስቀምጡት። ስሙን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ካርታው ላይ የአያት ስም «ኃ/» ተብሎ አጥሮ፣ መታወቂያው ላይ ደግሞ ተዘርዝሮ ተጽፎ ይሆናል። የጋብቻ ወረቀቱ ላይ «ሀ» በ«ሐ» ተለውጦ ይሆናል። እኛ አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን፤ ባንኩ ግን ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው በማስረጃ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ከቀበሌ፣ ከማዘጋጃ ቤት፣ አንዳንዴም ከፍርድ ቤት የሚመጣ ወረቀት ነው። እዚህ ሆናችሁ ስትጠይቁ የሚያውቃችሁ ምስክር አለ፤ ከሄዳችሁ በኋላ ለአንዲት ፊደል አገር አቋርጣችሁ ትመጣላችሁ።

ሁለተኛ፣ ቤቱ የማን ነው? አባት ከሞቱ ዓመታት አልፈው፣ ካርታው አሁንም በአባት ስም ያለ ቤት በየመንደሩ አለ። ወራሾቹ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሳያወጡ፣ ስሙም ሳይዛወር ባንክ አይቀበለውም። ወንድምና እኅት በተለያየ አገር ከመበተናቸው በፊት ተቀምጦ መነጋገር ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ትዳር። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠውም ለዋስትና የሚያዘውም ባልና ሚስት ሲስማሙ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 ይህን ይላል። ባል ቀድሞ ሄዶ ሚስት የቀረች እንደሆነ፣ ወይ ሁለታችሁም በአካል ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ፣ ወይ ውክልና ያስፈልጋል።

ስለ ውክልና አንድ ነገር በደንብ ያዙልን። «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ፣ ሁሉን ያደርግልኛል» ማለት አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ውክልናው ላይ «ለመሸጥ» ወይም «በመያዣ ለመስጠት» የሚል ቃል በግልጽ መጻፍ አለበት። ይህ ትልቅ ሥልጣን ነው። ቤቱን ለማስጠበቅ፣ ኪራይ ለመሰብሰብና ግብር ለመክፈል ብቻ ሰው የምትወክሉ ከሆነ፣ መሸጥና ማስያዝ የሚለውን አታስገቡበት።

አራተኛ፣ ዕዳና እገዳ። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ያረጋግጣል። መያዣው የሚመዘገበውም ቤቱ ባለበት ቦታ ነው። የሞላሌን ቤት ይዞ አዳማ የሚያበድር ባንክ መሐንዲስ ልኮ ቤቱን ያስገምታል፣ መያዣውንም እዚህ ያስመዘግባል። ርቀቱ ስለሚያስቸግር፣ የትንሽ ከተማ ቤትም በጨረታ ቶሎ ስለማይሸጥ አንዳንድ ባንክ አይቀበለውም። የተቀበለውም ቢሆን የባንክ ግምት ባለቤቱ ከሚያስበው ያነሰ ነው። ያወጣል ባላችሁት ዋጋ ሳይሆን ባንኩ በገመተው ዋጋ ዕቅዳችሁን አውጡ።

የገጠር መሬት ያላችሁም የራሳችሁ ጥያቄ አላችሁ። አካባቢውን ለቆ የሚሄድ ሰው በይዞታው ላይ ያለው መብት ሕጉ ባስቀመጣቸው ሁኔታዎች የተወሰነ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የመሬት ይዞታ ደብተራችሁን ይዛችሁ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ማከራየቱንም በጽሑፍ አድርጉትና አስመዝግቡት።

በዚህ ክፍል መጨረሻ አንድ ምክር ከልባችን እንለግሳችሁ። እናትና አባታችሁ የሚኖሩበትን ቤት ለባንክ አታስይዙ። ካርታው በስማችሁ ቢሆንም፣ እነሱም ፈቃደኞች ቢሆኑም፣ አታድርጉት። እናንተ ወጣቶች ናችሁ፤ ሥራ ቢጠፋ ሌላ ትፈልጋላችሁ። ለእነሱ ግን ከዚያ ሌላ መጠጊያ የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

የምትሄዱበት አገር ስትደርሱስ? የመጀመሪያው ወረቀት ከዚህ የሚሄደው የቀበሌ መሸኛ ነው። መሸኛ ከሌለ የነዋሪነት መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ ከሌለ ብዙ በር አይከፈትም። የፋይዳ ቁጥር ያላወጣችሁ ካላችሁም አውጡ፤ ባንኮች ይጠይቃሉ።

መሬትን የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው። ስለዚህ የሞላሌ ማዘጋጃ ቤት አሠራር የአዳማ ወይም የሐዋሳ አሠራር አይደለም። ኦሮሚያ ውስጥ ካርታውም ውሉም በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል። ቋንቋውን የማያነብ ሰው ሕጋዊ ትርጉም ሳይዝ አይፈርም። ደላላ «እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ በቃል የነገራችሁ ትርጉም አይደለም።

በመንግሥት ወይም በማኅበር ቤት ለመሥራት የምታስቡም የነዋሪነት ጉዳይ ይመለከታችኋል። በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ለመውሰድ የከተማው ነዋሪ መሆን፣ በዚያ ከተማ ቤት የሌላችሁ መሆን፣ ገንዘቡንም አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠየቃል። ደርሶ መመዝገብ እንጂ ከሞላሌ ሆኖ መመዝገብ አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 እና ለ40/60 ቤቶች የተመዘገቡትን እናስታውስ። አሠራሩ 20 ወይም 40 በመቶውን ነዋሪው ቆጥቦ ቀሪውን ባንክ እንዲያበድር ነበር። ብዙ ቆጣቢ ዓመታት ጠብቋል። ቁጠባ ጥሩ ነው፤ ግን በአንድ ተስፋ ላይ ብቻ ኑሮን ማቆም አይገባም።

ከግለሰብ ለምትገዙ ዋናው ጥያቄ ካርታ አለው ወይ ነው። በየከተማው ዳር ርካሽ ሆኖ የሚሸጥ ቤት አለ፤ የጨረቃ ቤት የሚባለው። በመንደር ውልና በምስክር ይሸጣል። ባንክ በዚህ ላይ አንድ ብር አያበድርም። ባንክ ያልደፈረውን ቤት እናንተ ጥሪታችሁን አራግፋችሁ አትግዙ። ቤቱ የሊዝ ቦታ ላይ ከሆነ ቀሪው የሊዝ ክፍያ ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ። በሊዝ አዋጁ፣ በቁጥር 721/2004፣ የሊዝ መብት ለዋስትና የሚያዘው በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ መጠን ነው። ባዶ ቦታ ይዞ «ብዙ ብድር ያወጣልኛል» የሚል ሰው ያዝናል።

ብድሩን ከየት? በቀድሞው ጊዜ ለቤት የሚያበድር ራሱን የቻለ ባንክ ነበረን፤ ቤቶችና ቁጠባ ባንክ፣ በኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ የተባለው። በ2008 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቃሏል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጎሕ ቤቶች ባንክ ለቤት ብድር የተቋቋመ የግል ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ሌሎችም የግል ባንኮች ለቤት ያበድራሉ። ወለድ የማይፈልጉ አድማጮቻችን ከወለድ ነፃ በሆነው መስኮት ባንኩ ቤቱን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ በየወሩ ክፍያ የሚሸጥበትን አሠራር ጠይቁ። የብድርና ቁጠባ ተቋሙ አብቁተ ወደ ፀደይ ባንክነት ስለተሸጋገረ፣ እዚያ የቆጠባችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሒሳባችሁን በሌላ ክልል ቅርንጫፍ ማንቀሳቀስ ትችሉ እንደሆነ አረጋግጡ። በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ያላችሁም ስትለቁ ዕጣችሁና ቁጠባችሁ እንዴት እንደሚመለስ ጠይቁ።

ዕቁብተኞችን ደግሞ እንዲህ እንላለን። ዕቁብ ጠንካራ ቁጠባ ነው፤ ባንክ ግን አያየውም። ዕጣ ሲወጣላችሁ ገንዘቡን ወደ ባንክ ሒሳባችሁ አስገቡት። በየወሩ በመጠኑ የሚገባበትና የማይራቆት ሒሳብ ስለ እናንተ ከማንም ምስክር በላይ ይናገራል። የሞላሌውን ቤት አከራይታችሁ የምታገኙትም በጽሑፍ ውልና በግብር ደረሰኝ ካልተደገፈ እንደ ገቢ አይያዝላችሁም።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ሁሉ ተሟልቶ ውሉ ከፊታችሁ ተቀመጠ እንበል። ከመፈረማችሁ በፊት አምስት ነገር አንብቡ፤ ካልገባችሁ ባለሙያውን ቁጭ አድርጋችሁ አስነብቡት።

አንደኛ፣ ወለዱ የማይለወጥ ነው ወይስ ባንኩ ሊያሻሽለው ይችላል? ብዙ ውሎች ባንኩ እንዲያሻሽል ይፈቅዳሉ። ሁለተኛ፣ ክፍያ ሲዘገይ ቅጣቱ ስንት ነው? ሦስተኛ፣ ቀድሞ መክፈል ይቻላል ወይ? አራተኛ፣ የቤት መድን ማን ይገባል፣ በየዓመቱ ምን ያህል ያስወጣል? የስም ማዛወሪያ፣ የቴምብር ቀረጥና የግምት ክፍያም ከብድሩ ውጪ ከኪስ የሚወጡ ናቸው፤ ቀድማችሁ መድቡላቸው።

አምስተኛውን ለብቻ እናንሳው፤ ለሚዛወር ሰው ከሁሉ የከፋው እሱ ነውና። አድራሻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው ካልተከፈለው ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በራሱ በጨረታ መሸጥ ይችላል። ከዚያ በፊት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ማስጠንቀቂያው የሚላከው ውሉ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። እናንተ ሌላ አገር ሆናችሁ ደብዳቤው ሞላሌ ቢመጣ፣ ተቀባይ አጥቶ ቀኑ ያልፋል። ቤት በቀየራችሁ ቁጥር፣ ስልክም በቀየራችሁ ቁጥር፣ ለባንኩ በጽሑፍ አሳውቁና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። ቤቱ ተሸጦ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ዕዳ ከእናንተ ላይ አይነሣም።

መክፈል ካቃታችሁ ደግሞ አትጥፉ። ሕመም ይመጣል፣ ሥራም ይቋረጣል። የክፍያው ቀን ሳያልፍ ወደ ባንኩ ሄዳችሁ የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም በጽሑፍ አመልክቱ። ባንክ የቀረበውን ሰው ያነጋግራል፤ የጠፋውን ግን በጨረታ ማስታወቂያ ነው የሚፈልገው።

አድማጮቻችን፣ እስካሁን ያልነውን በሥራ ቅደም ተከተል እናስቀምጥላችሁ።

ዝውውር ካሰባችሁበት ቀን ጀምሮ እዚህ የሚሠራው ይህ ነው። ካርታና መታወቂያ ማመሳከር፣ ውርስ ካለ ስም ማዛወር፣ የጋብቻ ማስረጃ ማውጣት፣ ዋስትናን ማስነሣት፣ ዕዳን መዝጋት፣ ግብር መክፈልና ደረሰኙን መያዝ፣ ውክልና መስጠት፣ በመጨረሻም መሸኛና ክሊራንስ መቀበል። የሁሉንም ቅጂ ሁለት ሁለት አድርጉ፤ አንዱ ከእናንተ ጋር ይሂድ፣ አንዱ እዚህ ከታመነ ሰው ዘንድ ይቀመጥ።

እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ተከራዩ፣ ደመወዛችሁን በአንድ ባንክ ሒሳብ ተቀበሉ፣ ወጪያችሁን መዝግቡ፣ ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቃችሁ ወለዱን አወዳድሩ፣ ካርታ ያለው ቤት ፈልጉ፣ ከሲሶ ሳታሳልፉ ተበደሩ።

ውጪ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ ቤት ለመግዛት የምትልኩ የአካባቢው ልጆችም ይህንኑ ስሙ። ቤቱ በማን ስም እንደሚሆን፣ ብድሩን ማን እንደሚከፍል ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ዘመድን ከዘመድ የሚያቃቅረው ብዙ ጊዜ ያልተጻፈ ስምምነት ነው።

ቤት ማግኘት የማንም ሠራተኛ ሰው መብትና ምኞት ነው። ከባንክ መበደርም ነውር አይደለም፤ በልኩ የተያዘ ብድር ብዙ ቤተሰብ አቁሟል። እኛ የምንሰጋው ደክሞ ያጠራቀመ ሰው ቅደም ተከተሉን ባለማወቁ ገንዘቡን እንዳያጣ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንስጣችሁ፤ ለመዛወር ብታስቡም ባታስቡም፣ የቤታችሁን ካርታ ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱና መዝገቡ ላይ ያለው ስምና ስፋት ከያዛችሁት ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን ጠይቁ። ልዩነት ካለ ማመልከቻችሁን በዚያው ዕለት አስገቡና ቁጥሩን ተቀበሉ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ውርስ ቤት ክፍፍልና ስለ ወራሽነት ማስረጃ አወጣጥ በሰፊው እንነጋገራለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)